ጂስ ቤንድ፤ ድሪቶ ያስከበራት የወንዝ ዳር መንደር

በአሜሪቃ የተባበሩት መንግሥታት በደቡብ ወገን፤ በአላባማ አገር ውስጥ፤ የአገሩን ስም የያዘው ወንዝ ወደ ባሕር ሲወርድ አንድ ስፍራ ላይ እንደ ቀለበት ይጠመዘዛል። ቀለበቱ ሊገጥም ጥቂት ሲቀረው ይመለስና መንገዱን ይቀጥላል። በዚህ መጠማዘዣ ውስጥ፤ በሦስት ወገን ውሃ የከበባት፤ በአራተኛው ወገን ብቻ በየብስ የሚገባባት አንዲት የጥጥ አገር አለች። ስሟ ጂስ ቤንድ ይባላል፤ ትርጓሜውም የጂ መጠማዘዣ ማለት ነው። ከ1949 ወዲህ በፖስታ ቤት መዝገብ ቦይኪን ተብላ ብትጻፍም፤ ነዋሪዎቿም እንግዶቿም የቀድሞ ስሟን አልተዉትም። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ከሰልማ ከተማ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ በአውቶሞቢል የሚጓዝ መንገደኛ፤ ብዙ ደንና ብዙ ሜዳ ካለፈ በኋላ ወደ መንደሪቱ በሚወስደው በአንዱ መንገድ ይገባል። መንገዱም ከዚያ አልፎ የሚሄድበት የለውም፤ ከወንዙ ሲደርስ ያበቃል። ከውሃው ማዶ የአውራጃው ዋና ከተማ ካምደን አለች። በጀልባ ለሚሻገር ሰው ቅርብ ናት፤ በየብስ ዞሮ ለሚሄድ ግን የአንድ ሰዓት ያህል የአውቶሞቢል መንገድ ናት። ይህን ርቀት አንባቢ ልብ እንዲልልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ነዋሪዎቿ ዛሬ ከሦስት መቶ የማይበልጡ ይህች መንደር፤ ስሟ በታላላቅ ከተሞች ቤተ መዘክሮች ሊጠራ የቻለው እናቶቿ በሚሰፉት ድሪቶ ምክንያት ነው። ድሪቶ ሲባል በእኛ አገር የሚታሰበው የችግረኛ ልብስ ነው። ያረጀውን በአረጀው ላይ፤ እራፊውን በእራፊው ላይ እየደረቱ የሚለብሱት ስለሆነ፤ ሰው በመሶቡ እንጂ በድሪቶው ሲኰራ አልታየም። ነገር ግን እንግሊዞችና አሜሪቃኖች ኵዊልት የሚሉት የመኝታ ልብስ በአሠራሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። ከላይ ከቍርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ የተሰፋ ፊት አለው፤ በመካከሉ ባዘቶ ይነጠፋል፤ ከበታቹ ገበር ይደረጋል፤ ከዚያም ሦስቱን አንድ አድርጎ የሚይዝ ስፌት ከዳር እስከ ዳር ይወርድበታል። የእኛ ጋቢ ሙቀቱን የሚያገኘው ከሸማው መደራረብ ነው፤ የእነርሱ ደግሞ በሁለት ጨርቅ መካከል ከታሰረው ጥጥ ነው።

የመንደሪቱ ታሪክ የሚጀምረው በጥጥና በባርነት ነው። በ1816 ጆሴፍ ጂ የተባለ ባለጠጋ ከሰሜን ካሮላይና ባሮቹን ይዞ መጥቶ በዚህ ስፍራ የጥጥ እርሻ አቀና። ወራሾቹ በ1845 ለነበረባቸው የ29,000 ዶላር ዕዳ መክፈያ ርስቱን ለዘመዳቸው ለማርክ ፔትዌይ ለቀቁለት። ፔትዌይም በሚከተለው ዓመት ከሰሜን ካሮላይና ወደ አላባማ ሲዛወር አንድ መቶ ያህል ባሮቹን በእግራቸው አስኬዳቸው፤ ከእነርሱ መካከል በሠረገላ የተቀመጠች አንዲት የወጥ ቤት ሠራተኛ ብቻ እንደ ነበረች ይነገራል። ከነጻነት አዋጅ በኋላም ልጆቻቸው በዚያው መሬት ላይ ጢሰኞች ሆነው ቀሩ። የጌታውን ስም እንደ ያዙ ስለ ቀሩ፤ እስከ ዛሬ ድረስ በመንደሪቱ ዝምድና የሌላቸው ሰዎች እንኳ ፔትዌይ እየተባሉ ይጠራሉ።

የጢሰኛው ኑሮ በብድር ነበር። ዘሩንና ማዳበሪያውን፤ እኽሉንም ጭምር ከካምደን ነጋዴ በዱቤ ይወስዳል፤ መከሩ ሲገባ በጥጥ ይከፍላል። በ1920ዎቹ ዓመታት መጨረሻ የጥጥ ዋጋ ሲወድቅ ዕዳው እየተደራረበ ሄደ። በ1932 አበዳሪው ነጋዴ ሞተ፤ ሚስቱም ወዲያው ገንዘቧን ጠየቀች። ሰዎቿ ወደ መንደሪቱ ገብተው ከስድሳ ያህል ቤተ ሰብ ከብቱን፤ ማረሻውን፤ ሠረገላውን፤ ለክረምት የተቀመጠውን እኽል ሳይቀር ጭነው ወሰዱ። የዚያን ክረምት ሕዝቡ ነፍሱን ያቈየው ቀይ መስቀል በላከው ስንቅ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ ድሪቶው የተሰፋው እንግዲህ በእንደዚህ ያለ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ ከግንድና ከጣውላ የተሠራ ሆኖ ነፋስ በየስንጥቁ ይገባበት ነበር። እናቶቹ ግድግዳውን ከውስጥ በጋዜጣና በመጽሔት ወረቀት ይለጥፉታል፤ በ1937 ከመንግሥት የተላከው ፎቶግራፍ አንሺ አርተር ሮትስታይን ያነሣቸው ሥዕሎች ይህንን በግልጥ ያሳያሉ። ልጆች በአንድ አልጋ ላይ ብዙ ሆነው ይተኛሉ፤ በላያቸውም ሁለትና ሦስት ድሪቶ ይደረብባቸዋል። ለባዘቶው የሚሆነው ጥጥ ከመዳመጫው ወለል ላይ ተጠርጎ የመጣ ነው። ትቢያና ገለባ ስላለበት በበትር እየመቱ ያነጹታል። ለገበር የዱቄት ወይም የማዳበሪያ ጆንያ ተፈትቶ፤ ታጥቦ ይገባል። ፊቱ የሚሠራው ሌላ አገልግሎት ካበቃለት ልብስ ነው፤ ከባል ቱታ፤ ከእናት ቀሚስ፤ ከሽርጥ፤ ከልጅ ሸሚዝ።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቈይ። አንድ ቱታ ዓመታት በእርሻ ላይ ሲለበስ ቀለሙ እኩል አይለቅም። ጕልበቱ ነጣ ይላል፤ ከስፌቱ አጠገብ ያለው ይጠቍራል፤ ኪሱ ተፈትቶ ሲነሣ በስሩ ያለው ጨርቅ እንደ አዲስ ሰማያዊ ሆኖ ይገኛል። የጂስ ቤንድ እናቶች ይህንን ነውር ብለው አልደበቁትም። የነጣውን ጕልበት ከጠቈረው ጐን፤ የኪሱን ምልክት ከካኪው አጠገብ እያደረጉ ገጣጠሙት። ሌላ ቀለም መግዣ ስላልነበራቸው ከአንድ ሰማያዊ ብቻ ስድስትና ሰባት ዓይነት ሰማያዊ ማውጣት ተማሩ። አሳላፊ ሳይሆን ዓይን የሚያስተምረው ሙያ ይህ ነው ለማለት እንደፍራለን።

ሚዙሪ ፔትዌይ የተባለች ሴት ባሏ በ1942 ሲሞትባት የሥራ ልብሱን ሁሉ ሰብስባ አንድ ድሪቶ ሠራች። ልጇ አርሎንዝያ በዚያን ጊዜ ቆንጆ ልጅ ነበረችና ልብሱን በመቅደድ እናቷን ረዳች፤ ካረጀችም በኋላ ነገሩን ስታወራ እናቷ ያንን የሠራችው ባሏን ለማስታወስና ከሥሩ ገብታ ለመተኛት እንደ ነበር ተናግራለች። ያ ድሪቶ ዛሬ በቤተ መዘክር ተሰቅሎ ታይቷል። በላዩ የሚታየው ጌጥ አይደለም፤ የጕልበትና የክርን ምልክት ነው።

አሠራራቸውን በሚመለከት ንድፎቹ ስም አላቸው። የቤት ጣራ የሚሉት ከሁሉ የተወደደው ነው። በመካከል አንድ አራት ማዕዘን ቍራጭ ይቀመጣል፤ በጐኑ ረዘም ያለ ጥብጣብ ይሰፋል፤ ሥራው ጥቂት ይዞርና ሁለተኛው፤ ከዚያም ሦስተኛውና አራተኛው ይቀጥላል። እንደዚህ እየዞረ ሲያድግ ከላይ ሆኖ ቤት የሚያይ ሰው ጣራውን የሚያየውን ይመስላል። ግንበኛ የሚሉት እንደ ጡብ ግንብ እየተደረደረ የሚወጣ ነው። ሰነፍ ልጃገረድ የሚሉት ደግሞ ረጃጅም ጥብጣቦችን ጐን ለጐን የሚያደርግ ነው፤ ስሙ ቢያሳፍርም አንዳንዱ ግሩም ሥራ የተሠራው በዚሁ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ግን የመንደሪቱ መታወቂያ የሆነው በራሴ መንገድ የሚሉት ልማድ ነው። ሴቲቱ የተለመደውን ንድፍ ትጀምርና ጨርቁ ሲያልቅባት፤ ወይም ልቧ ሲላት፤ ታጣምመዋለች፤ አንዱን ጥብጣብ ታሰፋዋለች፤ ቀይ በማይጠበቅበት ማዕዘን ቀይ ታገባለች። ፊቱን እያንዳንዷ በቤቷ ብቻዋን ትሠራለች፤ ሦስቱን ሽፋን ወጥሮ መስፋት ሲመጣ ግን ጐረቤቶች በመወጠሪያው ዙሪያ ተሰብስበው እየዘመሩና እየተጫወቱ ይረዷታል። በጸደይ ወራትም ድሪቶውን አውጥተው በገመድ ላይ ለነፋስ ሲሰጡት አንዷ የሌላዪቱን ሥራ እያየች ትሄዳለች፤ አይታም ዝም ብላ አትቀመጥም።

ከ1937 ጀምሮ የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት የመንደሪቱን መሬት ገዝቶ ለነዋሪዎቹ አዲስ ቤት፤ ትምህርት ቤት፤ ሱቅና የጥጥ መዳመጫ አሠራ። በ1940ዎቹ ዓመታትም ቤቱንና መሬቱን በጥቂት ወለድ በረጅም ጊዜ እየከፈሉ እንዲገዙት አደረገ። ነጋዴዋ ያስወሰደችባቸው ጢሰኞች በዚህ ባለርስት ሆኑ። ርስታቸው ምን ያህል እንደ ጠቀማቸው የታወቀው ግን ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።

በዚያን ዘመን በአላባማ ጥቍሮች ድምፅ ለመስጠት እንዳይመዘገቡ በልዩ ልዩ ዘዴ ይከለከሉ ነበር። የጂስ ቤንድ ሰዎች ወደ ካምደን ለመመዝገብ መሻገር ሲጀምሩ በ1962 የጀልባው አገልግሎት ተቋረጠ፤ በውሃ ቅርብ የነበረችውም ከተማ በየብስ ሩቅ ሆነች። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1965 በየካቲት ወር በዝናብ ሌሊት መጥቶ በመንደሪቱ ቤተ ክርስቲያን ተናገረ፤ ከሰሙት ብዙዎቹ ሰልፍ ወጥተው ታሰሩ። በአውራጃው በሌላ ሰው መሬት ላይ የሚኖሩ ጢሰኞች ስለ መመዝገባቸው ከቤታቸው ሲባረሩ፤ ከጂስ ቤንድ ሰዎች ግን ብዙዎቹ የራሳቸው ጣራ ስለ ነበራቸው ማንም ሊያስወጣቸው አልቻለም። ጀልባው የተመለሰው በ2006 ነው፤ ይህም አርባ አራት ዓመት መሆኑን አንባቢ ይቍጠር።

በ1965 መጨረሻ ፍራንሲስ ዋልተር የተባለ ቄስ በአውራጃው ሲዘዋወር በአንድ ቤት ደጅ በገመድ የተሰጡ ድሪቶዎች አየ። በሚከተለውም ዓመት፤ በ1966 በመጋቢት ወር፤ ሴቶቹ የነጻነት ድሪቶ ማኅበር ብለው አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፤ ሥራቸውም በኒው ዮርክ በሐራጅ ተሸጠ። ማኅበሩ መሬት ገዝቶ የስፌት ቤት ሠራ፤ ከርስታቸው ለተባረሩት ቤተ ሰቦችም ከመሬቱ ቈርሶ ሸጠላቸው። ገንዘቡ ጥቂት ቢሆንም ብዙዎቹ ሴቶች በእጃቸው የራሳቸው ደመወዝ የገባው ያን ጊዜ ነው።

ይሁን እንጂ ለታላላቅ መደብሮች መስፋትና ለቤት መስፋት አንድ አልሆነም። መደብሩ አንዱ ከሌላው የማይለይ፤ ስፌቱ እኩል፤ ልኩ የተወሰነ ሥራ ይፈልጋል፤ በራሴ መንገድ የምትል ሴት ለዚህ አትመችም። አስደናቂው ነገር ግን ከዚሁ ወጣ። በ1972 ሲርስ የተባለው የንግድ ድርጅት ለትራስ ልብስ የሚሆን ኮርዱሮይ፤ ማለት እንደ ከፈይ ጠጕር ያለው ባለ መስመር ወፍራም ጨርቅ፤ ለማኅበሩ ልኮ ያሰፋ ነበር። ከቍርጡ የተረፈውን ሴቶቹ ወደ ቤታቸው ወሰዱት። ወርቅማ፤ ዝገት የመሰለ ቀይ፤ ደብዛዛ አረንጓዴ ነበር። ጨርቁ ስለ ወፈረ ደቃቅ ቍርጥራጭ አይቀበልም፤ ቀጭን ስፌትም አይገባበትም። ስለዚህ የቤት ጣራውን አስፍተው፤ ጥብጣቡን አወፍረው፤ ብርሃን በጠጕሩ ላይ ሲያርፍ አንድ ቀለም ሁለት መስሎ እንዲታይ መስመሩን አንዱን በቁመት፤ አንዱን በአግድም አዞሩት። ቀን በትእዛዝ የሰፋች እጅ ማታ በቤቷ የወደደችውን ስትሞክር ያገኘችው አዲስ ጥበብ ይህ ነው፤ በእኛ አስተያየትም ከመንደሪቱ ሥራ ሁሉ ይህ የኮርዱሮዩ ዘመን ተገቢውን ምስጋና ገና አላገኘም።

ዝናው የመጣው ዘግይቶ ነው። ዊልያም አርኔት የሚባል የአትላንታ ሰው የጥቍር አሜሪቃኖችን የእጅ ሥራ የሚሰበስብ ነበርና፤ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ በማገዶ ክምር ላይ የተነጠፈ ድሪቶ ፎቶግራፍ አየ። ፈልጎም ከሠሪዪቱ ከወይዘሮ አኒ ሜ ያንግ ደጅ በምሽት ደረሰ። ወይዘሮዪቱ ከሳምንት በፊት ጥቂት ያረጁ ድሪቶዎች አቃጥላ ነበር፤ የጥጥ ጢስ የወባ ትንኝ ያባርራልና። ያም አብሮ የተቃጠለ መስሏት ነበር፤ በማግሥቱ ግን ከአልጋ ሥርና ከቁም ሣጥን ስትፈልግ አገኘችውና በነጻ ልስጥህ አለችው። እርሱ ግን ለዚያና ለሌሎች ጥቂት ሺህ ዶላር ከፈላት። ወሬው በመንደሪቱ በአንድ ቀን ተሰማ፤ ከየአልጋው ሥር የማይወጣ ድሪቶ አልቀረም።

በ2002 በሂዩስተን ከተማ የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ትርኢት ተከፈተ፤ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ዊትኒ ቤተ መዘክር ታየ። የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ሐያሲ የማቲስንና የክሌን ስም እስኪያነሣ ድረስ አደነቃቸው። ምስጋናው መልካም ነው፤ ሆኖም እነዚህ ሴቶች ማቲስን ሳያዩ የሠሩትን በማቲስ መለካት ለምን እንዳስፈለገ አልገባንም። በ2006 የአሜሪቃ ፖስታ ቤት ከድሪቶዎቹ የአሥሩን ሥዕል በቴምብር አሳተመ፤ በ2015 ደግሞ ሜሪ ሊ ቤንዶልፍ፤ ሉሲ ሚንጎና ሎሬታ ፔትዌይ የአገሪቱን የባህል ጥበብ ታላቅ ሽልማት ተቀበሉ። ወይዘሮ ሎሬታ መስፋት እንደማትወድ፤ የሰፋችው ልጆቿ እንዳይበርዳቸው ብቻ እንደ ሆነ ሳትሸሽግ ተናግራለች።

ከዝናውም ጋራ የገንዘብ ክርክር መጣ። ንድፎቹ በምንጣፍና በሌላም ሸቀጥ ላይ ሲወጡ ለእኛ የሚገባን አልደረሰንም ያሉ ጥቂት ሰፊዎች በ2007 ሰብሳቢውንና ቤተ ሰቡን ከሰሱ፤ ነገሩም በ2008 በስምምነት አለቀ። እናት ለልጇ ያስተማረችው ንድፍ የማን ሀብት ነው የሚለው ጥያቄ ግን ከፍርድ ቤት ይልቅ በእያንዳንዱ ቤት የቀረ ነው። ከ2021 ወዲህ ሰፊዎቹ በኢንተርኔት ገበያ በራሳቸው ስም፤ ዋጋውን ራሳቸው ወስነው መሸጥ ጀምረዋል።

ልጆቹስ ይሠራሉ ወይ የሚል አንባቢ ይኖራል። ሉዊዚያና ቤንዶልፍ የተባለች የወይዘሮ ሜሪ ሊ ምራት፤ ኑሮዋን ሞቢል በተባለችው የወደብ ከተማ አድርጋ ስፌቱን ትታው ነበር። የሂዩስተኑን ትርኢት አይታ በአውቶቡስ ስትመለስ ንድፍ በሐሳቧ እየመጣ አላስቀምጥ አላት፤ ከወረቀት ላይ አሰፈረችው፤ ከቤቷም ደርሳ መርፌዋን አነሣች። የእርሷ የቤት ጣራ ከአማቷ ይለያል፤ እየተጠማዘዘ ከማዕዘኑ የሚወጣና ባዶ ስፍራ የሚተው ነው። በ2005 ሁለቱ በካሊፎርኒያ ከአንድ የኅትመት ቤት ሠራተኞች ጋራ ሆነው ድሪቷቸውን በመዳብ ሰሌዳ ላይ አውጥተው በወረቀት አሳትመዋል።

በቤቷ ልትሞክር የምትወድ እመቤት ብትኖር ጥቂት ነገር እንንገራት። አሮጌና አዲስ ጨርቅ የምትቀላቅል ከሆነ አዲሱን አስቀድማ ትጠበው፤ ጥጥ በመጀመሪያው ውሃ ይሰበሰባልና፤ ቀለሙም የሚለቅ ከሆነ ያን ጊዜ ይታወቃል። ለመጀመሪያ ሥራ የቤት ጣራ ይሻላል። ከመዳፍ የማይበልጥ ቍራጭ ከመካከል አድርጋ በዙሪያው ጥብጣብ ትጨምር፤ አንዱ ስፌት ባለቀ ቍጥር በካውያ ትተኵሰው፤ ያለዚያ ጥቂት ጥቂት ጥመት ተደራርቦ መጨረሻው ላይ ጨርቁ አልተኛም ይላል። ሲበቃት ገበሩን ከታች፤ ባዘቶውን ከመካከል ዘርግታ፤ ከመሀል ወደ ዳር በሰፋፊ ስፌት ካያያዘች በኋላ ትወጥረው። የመያዣው ስፌት በጣም ከተራራቀ በታጠበ ጊዜ ባዘቶው ወደ አንድ ጐን ይሰበሰባል። ባዘቶ ለመንደፍ ጊዜ ያጣች እንደ ሆነ ያረጀ ጋቢ ከመካከል ብታገባ ሥራውን ያከናውንላታል። ቀለም ስታማርጥ ከመስፋቷ በፊት ቍራጮቹን ከወለሉ ላይ ዘርግታ ራቅ ብላ ትመልከት፤ የተቀራረበ ቀለም ከሩቅ አንድ ይሆናል፤ ከቅርብ ያልታየ ነጭ ደግሞ ከሩቅ ይጮኻል። የባሏን ኮት ግን ሳታስፈቅደው አትቅደድ።

ዛሬ ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛ ከካምደን በኩል መሻገር ይችላል። ጀልባው ከ2019 ጀምሮ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሆኗልና ያለ ጢስ ይሻገራል። የነጻነት ድሪቶ ማኅበር በ2012 ተዘግቷል፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ በተሠራው ግድብ ምክንያትም ከቀድሞው የእርሻ መሬት ብዙው በውሃ ሥር ሆኗል። ከ2022 ጀምሮ ግን በየዓመቱ በጥቅምት ወር ድሪቶ ማናፈስ የሚሉትን በዓል ያደርጋሉ። በዚያ ቀን ከየቤቱ ያለው ድሪቶ ይወጣና በየደጁ በገመድ ላይ ይሰጣል፤ የሚሸጠውም የማይሸጠውም አብሮ ይታያል፤ ሠሪዎቹም ከሥራቸው አጠገብ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ቱታው የማን እንደ ነበረ ለጠየቃቸው ሁሉ ይናገራሉ።